መንገድ ላይ ያለ ይመስላል

ለንደን ውስጥ ሐበሻ ቀጥረህ "የት ደረስክ?" ብለህ ስትደውል መልሱ አንድ ነው። "መንገድ ላይ ነኝ።" ይሄ ማለት ወይ ገና ገላውን እየታጠበ ነው፣ ወይ አንድ እግር ካልሲ ጠፍቶበት አልጋ ሥር እየፈለገ ነው። ከጀርባው የቴሌቪዥኑ ድምፅ ይሰማሃል። አንተም እያወቅክ "እሺ፣ ቶሎ በል" ትላለህ። ተግባብታችኋል።

ይሄ የእኛ ብቻ ጠባይ ይመስለኝ ነበር። ለካ መንግሥትም አለበት። እዚህ አገር ፉል ፋክት የሚባል፣ ፖለቲከኞች የሚናገሩትን እያጣራ እውነት ሐሰቱን የሚለይ ድርጅት አለ። የአሁኑ የሌበር ፓርቲ መንግሥት ከገባ በኋላ በምርጫ ጊዜ የተገባውን ቃል እየለቀመ ውጤት መስጠት ጀመረ። "ተሳክቷል" የሚል አለ። "ጠብቀን እንይ" የሚል አለ። እኔን የገደለኝ ግን ሌላኛው ነው፦ "መንገድ ላይ ያለ ይመስላል።"

ካልሲ እየፈለገ ነው ማለት ነው።

ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት ጋሼ ግን ፉል ፋክትን አይጠብቁም። የራሳቸው መዝገብ አላቸው። ጋሼ 35 ዓመት የለንደንን አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከዚያ ጎን ለጎን ለረጅም ጊዜ የዕቁባችን ጸሐፊ ነበሩ። ዕቁብ የጻፈ ሰው ዓለምን የሚያየው በሁለት ዓይነት ሰው ነው፤ ዕጣ ያልወጣለትና ዕጣ የበላ። ያልወጣለት በየሳምንቱ ቀድሞ ይመጣል፣ ይስቃል፣ ቡና ይጋብዛል። የበላው ስልክ አያነሳም። ለዚህ ነው የመጀመሪያውን ዕጣ የሚወስድ ሰው ዋስ የሚጠራው።

ምርጫው በተካሄደ ማግስት ጠዋት ወጥቼ አገኘኋቸው። አዲስ ደብተር ገዝተዋል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በዚያ በሚያምር የድሮ እጅ ጽሑፋቸው እንዲህ ይላል፦ "ሰኔ 27 ቀን 2016 ዓ.ም. ዕጣ ወጣ። የበላው፦ ሌበር። ዋስ፦ የለም።"

"ጋሼ፣ ምርጫ እኮ ዕቁብ አይደለም" አልኳቸው።

"እንዴት አይደለም? ስንት ሰው መረጣቸው?"

"ከመቶ 34 ያህሉ።"

"ስንት ወንበር አገኙ?"

"ከ650ው 411።"

"ከሦስት አንድ ከፍለህ ከሦስት ሁለት መብላት በየትኛው ዕቁብ ነው የሚፈቀደው?" አሉና መነጽራቸውን አወለቁ። መልስ አልነበረኝም። የምርጫ ሥርዓቱን ላስረዳቸው ብጀምር ቡናው ይቀዘቅዛል።

የፓርቲው የምርጫ ሰነድ ርዕስ አንዲት ቃል ናት፤ "ለውጥ"። ጋሼ ይህችን ቃል በ1966 ዓ.ም. ጎረምሳ ሆነው አዲስ አበባ ውስጥ ሰምተዋታል። ስለዚህ ርዕሱን ዘለሉትና "ዝርዝሩን አንብብልኝ" አሉኝ። አነበብኩ። በአምስት ዓመት አንድ ሚሊዮን ተኩል ቤት። በሳምንት 40,000 ተጨማሪ የሐኪም ቀጠሮ። 6,500 አዲስ መምህራን። በየዓመቱ አንድ ሚሊዮን ተጨማሪ የመንገድ ጉድጓድ መድፈን። የሠራተኛውን ገቢ ግብር አለመጨመር። እሳቸው ሁሉንም በየመስመሩ አሰፈሩ፤ የተገባ፣ የተከፈለ፣ የቀረ። ቃል የእምነት ዕዳ ነው የሚባለውን ተረት እኛ ለወግ እናወራዋለን። ጋሼ ግን ሒሳብ አድርገውታል።

(በነገራችን ላይ እኔም መዝገቡ ውስጥ አለሁ። ገጽ 9 ላይ፦ "የኩሽናውን ቧንቧ ላየው እመጣለሁ ብሏል።" ቧንቧው አሁንም ያንጠባጥባል። መንገድ ላይ ነኝ።)

ችግሩ ዕጣው ከወጣ ወር እንኳ ሳይሞላው መጣ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 2024 የገንዘብ ሚኒስትሯ ሬቸል ሪቭስ ፓርላማ ፊት ቆመው፣ ካዝናው የ22 ቢሊዮን ፓውንድ ቀዳዳ አለበት አሉ። ይሄ አይገርምም። ያልተቀደደ ካዝና ተረከብኩ ያለ አዲስ መንግሥት እስከዛሬ አልሰማሁም። የገረመኝ ቀዳዳው የሚወተፍበት ነገር ነው። ለጡረተኞች በየክረምቱ ለቤት ማሞቂያ የሚሰጠው ገንዘብ፣ 200 ወይም 300 ፓውንድ፣ ከእንግዲህ የድሀ ጡረተኛ ድጎማ ለሚያገኙ ብቻ ነው ተባለ። ወደ 10 ሚሊዮን ገደማ ሽማግሌና አሮጊት ከዝርዝሩ ወጣ።

ጋሼም ወጡ። አወጣጣቸው ግን ልዩ ነው። በዚያ ዓመት ድጎማው የሚሰጠው በሳምንት ከ218 ፓውንድ ከ15 ፔንስ በታች ለሚያገኝ ብቸኛ ሰው ነበር። የጋሼ ሙሉ ጡረታ 221 ፓውንድ ከ20 ነበር። በ3 ፓውንድ ከ5 ፔንስ ሀብታም ሆነው ተገኙ። 35 ዓመት አንድም ቀን ሳያጎድሉ መዋጮ በመክፈላቸው ማለት ነው። ትንሽ ሰነፍ ቢሆኑ ኖሮ ክረምቱን ይሞቁ ነበር።

ማታ ደብተሩን ይዘው ወረዱ። ፊታቸው ላይ ንዴት የለም። ግራ መጋባት ነው ያለው። "አንተ ልጅ፣ ይሄንን የት ልጻፈው?"

"'ያልተፈጸመ' የሚለው ላይ።"

"አልተፈጸመም እንዳልል ተፈጽሟል። እንወስዳለን ብለው ግን ቃል አልገቡም። ሰነዱን ደግመህ እየው።"

አየሁት። የለም። እዚህ ላይ ነው የጋሼ መዝገብም የፉል ፋክትም የተቸገረው። ቃል የተገባውን ለመቁጠር አምድ አለ። ያልተገባውን ለመቁጠር አምድ የለም። እኛን ቤታችን ድረስ መጥቶ የሚያንኳኳው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው።

እውነቱን ለመናገር የተከፈለም አለ። በግል ትምህርት ቤቶች ክፍያ ላይ ቫት እንጥላለን ብለው ነበር፤ በጥር 2025 ጣሉ። ባቡሩን ወደ መንግሥት እንመልሳለን አሉ፤ መመለስ ጀመሩ። አከራይ ያለምክንያት ተከራይ እንዳያስወጣ የሚከለክለው ሕግም ወጣ። ጋሼ ለእያንዳንዱ በአረንጓዴ እስክሪብቶ "ተ" ጽፈዋል። ዕቁብ ጸሐፊ ያልከፈለን ይወቅሳል እንጂ የከፈለን አይሰርዝም።

ቤቱ ግን የላም አለኝ በሰማይ ሆነ። በአምስት ዓመት አንድ ሚሊዮን ተኩል ማለት በዓመት 300,000 ነው። በመጀመሪያው ዓመት እንግሊዝ ውስጥ የተጨመረው ወደ 208,000 ገደማ ነው፤ ከዚያ በፊት ከነበረው ዓመት እንኳ ያነሰ። ሚኒስትሮቹ ሲጠየቁ ኮሚቴው ተቋቁሟል፣ ሕጉ እየተሻሻለ ነው፣ ጥረቱ እየተፋጠነ ነው ይላሉ። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ይሰማኛል።

የሐኪም ቀጠሮው ደግሞ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው። መንግሥት በዓመት ውስጥ ሁለት ሚሊዮን ተጨማሪ ቀጠሮ እሰጣለሁ ብሎ ነበር። በየካቲት 2025 "ከጊዜው በፊት አሳካን" ብሎ አወጀ። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። የወረፋው ዝርዝርም ከ7.6 ሚሊዮን ወደ 7.4 ሚሊዮን አካባቢ ወርዶ ነበር። ጋሼ በጉልበታቸው ምክንያት ከዕድለኞቹ አንዱ ሆኑ። ሱፋቸውን ለብሰው፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይረው፣ በትር ይዘው ሄዱ። እኔም አብሬ ሄድኩ። አንዲት ትሑት ልጅ ተቀብላ ጉልበታቸውን አየች፤ ኮምፒውተሯን አየች፤ "ስፔሻሊስት ሊያይዎት ይገባል፣ ቀጠሮ በደብዳቤ ይደርስዎታል" አለች። አሥር ደቂቃ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ "የዛሬው ቀጠሮ ቀጠሮ ለመያዝ ነበር ማለት ነው" አሉ።

"አዎ ጋሼ።"

"ከሁለት ሚሊዮኑ አንዱ እኔ ነኝ?"

"ሳይሆኑ አይቀርም።"

"እኛ አገር ቢሮ 'ነገ ተመለስ' ሲሉን አገልግሎት የሰጡን አይመስለንም ነበር። ቆጥረነው ቢሆን የት በደረስን!"

በምርጫው ዘመቻ ጊዜ ሌላም ቃል ነበር፤ እስከ 2030 የቤት የኃይል ሒሳብ እስከ 300 ፓውንድ ይቀንሳል የሚል። ምርጫው ሲካሄድ የአንድ አማካይ ቤት የኃይል ሒሳብ የዓመት ጣሪያ 1,568 ፓውንድ ነበር። በቀጣዩ ሚያዝያ 1,849 ገባ። ይህንን እንዲያስፈጽሙ የተሾሙት ሚኒስትር ኤድ ሚሊባንድ ናቸው። ስማቸውን ስጠራ ጋሼ ከት ብለው ሳቁ። ምክንያት አላቸው። እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ2015 የፓርቲው መሪ ሆነው ሲወዳደሩ፣ ስድስት ቃል ኪዳን ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ በሚረዝም የኖራ ድንጋይ ላይ አስቀርጸው ነበር። ካሸነፉ በጠቅላይ ሚኒስትሩ መኖሪያ በዳውኒንግ ስትሪት ግቢ ሊተክሉት። ተሸነፉ። ድንጋዩ መቀለጃ ሆኖ ቀረ።

ጋሼ የተናደዱት በመሸነፋቸው አይደለም። በድንጋዩ ነው። "ንጉሥ ኢዛና ድንጋይ ያስቀረጸው መጀመሪያ ዘምቶ፣ አሸንፎ፣ ተመልሶ ነው። በግእዝ፣ በሳባ ፊደልና በግሪክ አስጻፈው። ከሥራው በኋላ! ሰው እንዴት ልሠራ አስቤ ነበር ብሎ ሐውልት ያቆማል?"

ግብሩን በተመለከተ ሙግቱ ወደ ሰዋስው ተለወጠ። ቃሉ "የሠራተኛው ሰው" ግብር አይጨመርም ነበር። ከዚያ ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ ቀጣሪዎች ለማኅበራዊ ዋስትና የሚከፍሉት መዋጮ ከ13.8 ወደ 15 በመቶ ከፍ አለ። ቀጣሪ ሠራተኛ ነው ወይስ አይደለም? አገሩ በሙሉ ስለ "ሠራተኛ" ትርጉም ሲከራከር ከረመ። ሰፈራችን እንጀራ ቤት ያላት እህታችን ሌሊት አሥር ሰዓት ምጣድ ታሰማለች። ቤቷ ትንሽ ስለሆነች ጭማሪው አልነካትም። ክርክሩን በዜና ስትሰማ ግን ሊጡን እንደያዘች "እኔ ታዲያ ምንድነኝ?" አለች።

በሰኔ 2025 መንግሥት ስለማሞቂያው ገንዘብ ሐሳቡን ለወጠ። በዓመት እስከ 35,000 ፓውንድ ገቢ ያለው ጡረተኛ ሁሉ መልሶ እንዲያገኝ ተወሰነ። ክረምቱ ሲገባ የጋሼ 200 ፓውንድ ባንክ ገባች። እኔ እንኳን ደስ አለዎት ለማለት ወጣሁ። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

"ተከፍሏል ብለው ይጻፉ እንግዲህ።"

"የዘንድሮው ተከፍሏል። ያምናውስ?"

"ያምናውማ ቀርቷል።"

"ቀርቷል አይባልም። ዕዳ ነው" አሉና በቀይ ጻፉት፦ "ያምና 200።"

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት በራቸው ተንኳኳ። የየትኛው ፓርቲ እንደሆነ አልናገርም፣ ወረቀት የሚያድል አንድ ጎረምሳ ነው። ዝናብ መቶታል። ጋሼ ዝናብ የመታውን እንግዳ ደጅ አያቆሙም፤ አስገቡት። አቦሉን ጠጣ። ቶናው ሲደርስ ስለ ሰፈሩ ጉድጓድ ማውራት ጀመረ፣ "እኛን ከመረጣችሁ ከፊት ለፊት ያለውን እናስደፍነዋለን" አለ። ጋሼ ደብተሩን ሳቡ። ልጁ ደነገጠ። ቢሆንም ፈገግ ብሎ "ልፈርምልዎት?" አለ።

ፊርማ እንደማይበቃቸው አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 የሊበራል ዴሞክራቶቹ ፓርቲ መሪ ኒክ ክሌግ የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ሲጨመር እንደሚቃወሙ በወረቀት ላይ ፈርመው ፎቶ ተነሥተውበት ነበር። መንግሥት ውስጥ ሲገቡ ክፍያው እስከ 9,000 ፓውንድ ወጣ። ይቅርታ ጠየቁ። ይቅርታውን ደግሞ ሰው ዘፈን አደረገው።

"ዋስ አለህ ወይ በለው" አሉኝ በአማርኛ።

ተረጎምኩ። ልጁ ጥቂት አሰበ። "ፓርቲዬ ከኋላዬ አለ" አለ።

"ተበዳሪው ራሱ ፓርቲው አይደል?" አሉ ጋሼ። "ሌላ ሰው። እናቱ አትሆንም?"

ልጁ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። በመጨረሻ ቢሮ ሄዶ አማክሮ እንደሚመለስ ነገረን። በረካውን ሳይጠጣ ተነሣ። በሩ ሲዘጋ ጋሼ የጎረምሳውን ገጽ ገልጠው፣ ዋስ በሚለው ትይዩ፣ ቀስ ብለው ጻፉ፦

"ጠብቀን እንይ።"

ከዚያ እኔን ቀና ብለው አዩኝ። "ቧንቧውስ?"