ከደሴ እስከ ሚሌ፦ «እዚህ ምን አለ?»

ባቲን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ሹፌሩን «እስቲ አንዴ አቁምልኝ» አልኩት። በመስታወቱ አየኝና ዳር ያዘ። ሽንት የያዘኝ መስሎታል። ወርጄ ዝም ብዬ ስቆም ግራ ገባው። ከኋላችን ተራራው ላይ ደመና ተኝቷል። ከፊታችን ምድሩ እየሳሳ፣ እየነጣ ሄዶ መጨረሻው ከሰማዩ ጋር ይምታታል። ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «እዚህ ምን አለ? ቶሎ በል፣ ተሳቢ ይመጣብናል» አለኝ።

የምመልሰው አጣሁ። ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳልቆም ተመልሼ ገባሁ። ያኔ ያልመለስኩትን ነው አሁን የምጽፈው።

እውነቱን ለመናገር እሱ ላይ አይፈረድም። ይሄ መንገድ ለሁላችንም የጭነት መንገድ ነው፣ በቃ። ደሴ ለእንግዳ ማደሪያ ናት። ወደ ላሊበላ የሚሄደው ማታ ይገባል፣ እራቱን ይበላል፣ በጠዋት ይነሳል። ኤርታሌና ዳሎል የሚሄደው ደግሞ ከመቀሌ ወይም ከሰመራ ነው የሚነሳው። ከደሴ ወደ ምሥራቅ «ለማየት» ብሎ የሚወርድ ሰው አለ ብትሉኝ እኔም አላምንም። እኛ የከተማው ልጆች ራሳችን የዱባይን አሸዋ በቲክቶክ ስናይ እናመሻለን። ባቲን ረግጠው የማያውቁ የደሴ ጓደኞች አሉኝ። ስማቸውን ባልጠራ ይሻላል።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አፋር ያለችው ሚሌ 500 ገደማ። መሃላቸው ያለው መንገድ ከ150 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ሁለት ሺህ ሜትር ቁልቁለት፣ ከቁርስ እስከ ምሳ! ጋቢ ደርበህ ትነሳለህ፣ ሸሚዝህ ጀርባህ ላይ ተጣብቆ ትደርሳለህ። ይሄ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። የአፍሪካና የአረቢያ ምድር በሚሊዮን ዓመታት እየተላቀቀ ሲሄድ አፋር ሰመጠ፣ ወሎ ዳር ላይ ቀረ። እኛ የምንኖረው ስንጥቁ አፋፍ ላይ ነው።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት የማያውቅ የወሎ መንገደኛ የለም። ክረምት ከሆነ፣ አንዳንዴ ያለ ክረምትም፣ ጉሙ መንገዱን ይውጠዋል። ከፊትህ ያለው ሲኖትራክ የኋላ መብራቱ ብቻ ይታያል። ጭነት ያላቸው በከባድ ማርሽ እያቃሰቱ ይወርዳሉ። የተቃጠለ ፍሬን ሽታ በመስኮት ይገባል። ሚኒባስ ከሆነ ደግሞ ረዳቱ ገና ማንም ሳይጠይቀው ፌስታል ያድላል። አንድ ጊዜ አንዲት እናት ከዘንቢላቸው ሎሚ አወጡና በጥርሳቸው ሸረፉት። ከዚያ አጠገባቸው ፊቱ ለገረጣው ልጅ «አሽትት፣ አሽትት የኔ ልጅ» አሉት። አያውቁትም። እስከ ኮምቦልቻ ድረስ እጁን ይዘውት ወረዱ። ሐረጎ ሲነሳ እኔን ትዝ የሚለኝ የዚያ ሎሚ ሽታ ነው።

ኮምቦልቻ ስትደርስ ጆሮህ ይከፈታል። የወረድክ ይመስልሃል፣ ግን ገና ነህ። ከተማዋ ያለችበት ሜዳ ግራና ቀኙ ተሰንጥቆ የሰመጠ መሬት ነው። ወደ ባቲ ለመሄድ መልሰህ ትንሽ መውጣት አለብህ። ብዙ መንገደኛ ግን እዚህ የሚያየው የኢንዱስትሪ ፓርኩን ጣሪያ ነው፣ ከዚያ ነዳጅና ማኪያቶ።

የቦርከናን ወንዝ ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር ይገርመኛል። ደሴ ላይ የጣለው ዝናብ ባሕር አይደርስም። ወደ ቦርከና ይወርዳል፣ ቦርከና የጨፋን ሜዳ አጠጥቶ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ በረሃውን አቋርጦ ጅቡቲ ድንበር ላይ፣ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። እዚያ ነው የሚተነው። ቤታችን ጣሪያ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሲደበድብ ያደረው ዝናብ ማለት ነው።

ባቲን ማየት የፈለገ ሰኞ ይሂድ። በሌላ ቀን የሄደ ያየው ከተማውን ነው። ሰኞ ደጋው ይወርዳል፣ ቆላው ይወጣል። አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን ነድቶ ይመጣል፣ ኦሮሞውና አማራው እህሉን ጭኖ። አንድ ድርድር ውስጥ ሦስት ቋንቋ ይሰማል፣ ሒሳቡ ግን ለማንም አይጠፋውም። ግመል ተራ ቆሜ አንድ ሽማግሌ ሲገዙ አየሁ። የግመሏን ከንፈር ገልበው ጥርሷን አዩ። ሻኛዋን በመዳፋቸው ጫን አድርገው ለቀቁ። ከዚያ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ሄዱ። ሻጩም አልጠራቸውም፤ ጥርሱን እየፋቀ ቆመ። ግማሽ ሰዓት ቆይተው ተመለሱ፣ አሁንም ዝም ብለው፣ እጃቸውን ዘረጉ።

እዚያው ነው ዳጉን፣ የአፋሮችን የወሬ ልውውጥ፣ ያየሁት። ሁለት አፋሮች ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ከየት መጣህ፣ ዝናቡ የት ጣለ፣ ሳሩ እንዴት ነው፣ ማን ታመመ ይባባላሉ። ያየኸውን ሳትጨምር ሳትቀንስ መናገር አለብህ። የእኛም ሹፌሮች የራሳቸው ዳጉ አላቸው። መብራት ብልጭ ያደርጋሉ፣ መስኮት ይወርዳል፣ «መንገዱ እንዴት ነው?»

ሌላም ነገር አለ። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ፣ ሁለቱ የደሴ ጎረቤቶችን ስም የያዙ ናቸው። አምባሰል በሰሜን፣ ባቲ በምሥራቅ። በየሠርጉ በባቲ ቅኝት ስንጨፍር አድገን ባቲን ሳናያት እናረጃለን።

ከባቲ በታች ወሬው ያንሳል፣ ሙቀቱ ይጨምራል። ቁልቋሉ ይቀርና ግራር ብቻ ይሆናል፣ ከዚያ ግራሩም ይራራቃል። ፍየሎች በአንዷ ዛፍ ጥላ ተጠጋግተው ይቆማሉ። ከመንገዱ በስተደቡብ፣ አዋሽ ዳር፣ ሐዳር አለ። ድንቅነሽ በኅዳር 1967 ዓ.ም. የተገኘችው እዚያ ነው፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ድንቅነሽ። ሚሌ ደግሞ የሹፌሮች ከተማ ናት። ድሮ በዚህ በኩል የሚወረደው ወደ አሰብ ወደብ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ ያ መንገድ ተዘጋ፣ ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ሚሌ ምሳ ስንበላ አንድ አዛውንት ሹፌር «አሰብ ገብቼ ዓሣ በልቼ እመለስ ነበር» አሉኝ። ሌላ ነገር አልጨመሩም።

«ሰላም ነው ወይ?» የሚለኝ ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ነው የጠየቀኝ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ገብቶ ነበር። ያኔ ቤቱን ጥሎ በእግሩ የሸሸ ሰው አለ። ለእሱ «መንገዱ ያምራል» ብትለው ቢቀየም አይገርምም። ከዚያም ወዲህ ቢሆን ማታ ደውሎ ሳያጣራ የሚነሳ የለም። እኔም ደውዬ ነው የወረድኩት። ክፍት ካልሆነ ይቅር። ሙቀቱም ቀልድ አይደለም፣ ከግንቦት እስከ ነሐሴ ቆላውን አልመክርም። ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር ጥሩ ነው። የእኔ ጥያቄ ግን መንገዱ ክፍት በሆነበት፣ አየሩም ደህና በሆነበት ቀን ስለምናደርገው ነው። እንተኛለን። ወይ ስልክ ላይ እናፈጣለን።

ሎጅ ይገንባ አላልኩም። የመዋኛ ገንዳ ያለው ሪዞርትም አልጠየቅኩም፤ ውሃው የት አለና! እኔ የምለው ሐረጎ ላይና ከባቲ በታች ሁለት ሦስት መኪና ከመንገድ ወጥቶ የሚቆምበት ጠፍጣፋ ቦታ ይኑር ነው። ከጎኑ ሰው የማይሳቀቅበት ሽንት ቤት። የት እንደቆምክ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በአፋርኛ የሚነግር ሰሌዳ። ቡና የምታፈላ አንዲት ሴት ራሷ ትመጣለች፣ እሷን ማንም ማቀድ አያስፈልገውም። ይሄ ቢሊዮን ብር አይጠይቅም። አሁን ግን የሚያምረው ቦታ ሁሉ ጠመዝማዛ ላይ ነው፣ ጠመዝማዛ ላይ ደግሞ ማቆም ነፍስ ያስከፍላል። ሹፌሩ ቶሎ በል ያለኝ ክፉ ሆኖ አይደለም።

ስንመለስ እዚያችው ቦታ ላይ ሳልጠይቀው ፍጥነቱን ቀነሰ።

«ልቁምልህ?» አለኝ።

መሽቶ ነበር። ከመኪናው መብራት ውጪ የሚታይ ነገር የለም።

«ይቅር» አልኩት፣ «ሐረጎን ጉም ሳይወርድ እንለፍ።»