እድራችን ኮምፒውተር ሲገዛ

የእድራችን የመጀመሪያ ኮምፒውተር ዕድሜው አራት ሰከንድ ነበር።

የአንዲት አባላችን ልጅ ለፋሲካ ከአሜሪካ ሲመጣ ለእድሩ ብሎ ተሸክሞ ያመጣው ነው። ያገለገለ ቢሆንም ደህና እቃ ነበር። ከኋላው፣ ገመዱ ከሚሰካበት አጠገብ፣ ጥፍር የምታክል ቀይ ማዞሪያ አለችው፤ ላይዋ ላይ 115 ይላል። እዚያ አገር መብራቱ 120 ቮልት ነው፣ እኛ ጋ 220። ያችን ቀይ ነገር ገፋ አድርጎ ወደ 230 ማሻገር ብቻ ነበር ሥራው፣ ማንም ልብ አላላትም። ሰኩት፣ ተጫኑት፣ ጧ! አለ። የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። ሰብሳቢያችን ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከኋላ ወንበር አንድ አባት «እድሩ ይቅበረው ወይስ ቤተሰብ?» ብለው ጠየቁ።

በቃ፣ በራሳችን ገንዘብ ይገዛ ተባለ። 35 ሺህ ብር ጸደቀ፣ ገዢው እኔ ሆንኩ። ለምን እኔ? አንድ ቀን የሰብሳቢያችን ስልክ አልደውልም አለና ሳየው የአውሮፕላን ምልክቷ በርታለች። አጠፋሁላቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሰፈሩ ኢንጂነር ነኝ።

ኮምፒውተሩ ምን ሊሠራ ነው? የ214 አባላት ስም፣ ወርሃዊ መዋጮ፣ የቀረ ሰው ቅጣት፣ የድንኳንና የብረት ድስት ቆጠራ፣ አልፎ አልፎ ለወረዳ የሚጻፍ ደብዳቤ። አለቀ። ግን ይሄን ለኮሚቴው ብትነግረው ማን ይሰማሃል? ኦዲተራችንን ልጃቸው «ኮር አይ ሰቨን ካልሆነ እንዳትገዙ» ብሏቸዋል፣ የማሽኑን አንጎል ዓይነት ማለቱ ነው። ልጁ ቀኑን ሙሉ ጌም ነው የሚጫወተው። ገንዘብ ያዡ ስክሪኑ እንደ ቴሌቪዥን ሰፊ ይሁን አሉ፣ ምክንያቱን አልተናገሩም፣ እሑድ እሑድ የእንግሊዝ ኳስ እንዳለ ግን ሁላችንም እናውቃለን። አንዱ ደግሞ ለምን ላፕቶፕ አይሆንም ብሎ ተነሳ። ሰብሳቢያችን አላስጨረሱትም፦ «ላፕቶፕ እግር ያወጣል!» አሉ። ያለፈው የእድሩ ጀነሬተር፣ ያን የሚያክል ብረት፣ እግር አውጥቶ ስለሄደ ማንም አልተከራከረም።

ስለ ራም ሳስረዳ ነው የደከምኩት። በመጨረሻ በራሳችን ቋንቋ ነገርኳቸው። ሀርድ ዲስክ ማለት መጋዘናችን ነው፣ እቃው ሁሉ ተቆልፎ የሚያድርበት። ራም ማለት ድንኳን ውስጥ የተዘረጋው አግዳሚ ነው፣ በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ይቀመጣል ነው ነገሩ። 4 ጊጋ ከሆነ ክሮም ብቻውን መጥቶ አግዳሚውን ይይዘዋል፣ ኤክሴል ቆሞ ይቀራል። 8 ከሆነ ለእኛ ሥራ በቂ ነው። ዝም ተባለ። ከዚያ እኚያ የቀብሩን ጉዳይ ያነሱት አባት «16 ይሁን እንጂ፤ የለቅሶ እንግዳ በቁጥር ይታወቃል እንዴ?» አሉ። በልቤ ከኦዲተሩ ልጅ እሳቸው ይሻላሉ አልኩ።

ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ ተባልኩ። ደንብ ነው። መርካቶ የመጀመሪያው ሱቅ ስገባ ሻጩ ሳልጠይቀው ነገሩ ገባው፣ ከመሳቢያ ሦስት ማህተም አወጣና ሦስቱንም በአንድ እስክሪብቶ ሞልቶ ሰጠኝ። የራሱ ዋጋ ዝቅ፣ የሌሎቹ ሁለት ከፍ። «ድካም ቀነስኩልህ ወንድሜ» አለኝ። አመስግኜው ወጣሁ፣ ትንሽ ቆይቼ ግን ደግሞ ገረመኝ፤ ለካ ስንት መሥሪያ ቤት በዚች መሳቢያ ነው የሚተዳደረው።

ሁለተኛው ሱቅ ቦሌ ነው። እዚያ የምትብለጨለጭ ማሽን ወጣችልኝ። በጨርቅ ተወልውላለች፣ ፊቷ ላይ «ኮር አይ ሰቨን» የሚል ስቲከር ጠርዙ ገና ያልተላጠ ተለጥፎባታል። «ደብል ኤክስትራ! ከዱባይ ትናንት ነው የገባችው» አለኝ። ክፈታት አልኩት። ኪቦርዱ ላይ የዊንዶውስ ምልክቷን ይዤ ፖዝ የምትለዋን ስጫን መታወቂያዋ ወጣ፦ አይ ሰቨን 2600። ስቲከሩ አልዋሸም፣ እውነትም አይ ሰቨን ናት። ግን የ2600 መጀመሪያዋ 2 እንደምትናገረው ሁለተኛ ጄኔሬሽን፣ ማለት ሁለተኛ ትውልድ ናት፣ በፈረንጅ 2011 የወጣች። የህዳሴ ግድብ መሠረት የተጣለው በዚያው ዓመት ነው! ግድቡ እንኳ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቆ አለቀ፣ እሷ ገና እንደ አዲስ ልትቀጠር ነው።

ሻጩን ይሄን ብለው «ጄኔሬሽን የልጆች ነገር ነው» አለኝ። አይደለም ወንድሜ። ሰው ሁሉ አይ ፋይቭ ነው አይ ሰቨን ነው ብሎ ይጨቃጨቃል፣ ከሱ ቀጥሎ ያለችውን ቁጥር የሚያያት የለም። ስምንተኛ ጄኔሬሽን የሆነች አይ ስሪ ያችን አይ ሰቨን ባትበልጣት እንኳ ለደብዳቤና ለኤክሴል ምንም አታንስም፣ መብራትም ትቆጥባለች። ደግሞ ዊንዶውስ ቴን ነው የተጫነባት። ማይክሮሶፍት ለሱ የነጻ ጥገናውን ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ዊንዶውስ ኢለቨን ደግሞ እነ አይ ሰቨንን ከሚሠራው ከኢንቴል ወገን በደንቡ የሚቀበለው ከስምንተኛ ጄኔሬሽን ወዲህ ያለውን ነው። በጓሮ በር የሚያስገቡት አሉ፣ የእድር መዝገብ ግን በጓሮ በር አይገባም።

ሦስተኛው ሱቅ ፎቅ ላይ፣ ጨለማ ኮሪደር ውስጥ ነው። ሻጩ ብዙ አያወራም፣ እሱ ራሱ ደስ አለኝ። የውጭ ኩባንያዎች ተጠቅመውበት በጅምላ የሚሸጡት ዓይነት ነው ያለው፣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ። መልካቸው አያምርም፣ ጥቁር ሳጥን ናቸው፣ አንዱ ጎኑ ተጭሯል። አይ ፋይቭ ስምንተኛ ጄኔሬሽን፣ 8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ ያው መጋዘን ነው፣ ግን ፈጣኑ ዓይነት። ኤስኤስዲውን ነው የፈለግኩት። የድሮው ሀርድ ዲስክ ያለበትን መሥሪያ ቤታችን አውቀዋለሁ፤ ጠዋት ተጭነኸው አቦል ጠጥተህ፣ ቶና ላይ ስትደርስ «እንኳን ደህና መጡ» ይልሃል። ይሄ ግን ወንበር ስቤ ሳልቀመጥ ተነሳ። ፓወር ግዕዝ ጫነልኝና «ሀ ሁ ሂ» ብዬ ሞከርኩ።

በርግጥ የሞኒተሩ ገመድ ከማሽኑ ጋር አልገጠመም፣ ኮንቨርተር ለብቻው ተገዛ። መብራት ሲሄድ ማሽኑን ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆየው ባትሪ፣ ዩፒኤስ፣ ለብቻው። ዩፒኤሱን ኮሚቴው ቅንጦት ነው ብሎ ነበር። መብራት ሲሄድ ስንት ደብዳቤ አብሮ እንደሚሄድ ስነግራቸው ሰብሳቢያችን «ይገዛ፤ እኛ ስለ ድንገተኛ ሞት አናውቅም?» አሉ። ሁሉም ተደምሮ 34 ሺህ 600 ብር። የቀረችውን 400 ለተሸካሚና ለታክሲ ከፍዬ ደረሰኝ አስገባሁ።

ከሁለት ወር በኋላ መዋጮ ልከፍል ሄድኩ። ኮምፒውተሩ የለም። ማለት፣ አለ፣ ግን ጸሐፊያችን ክፍል አይደለም፣ ሰብሳቢው ክፍል ነው፤ ትልቅ እቃ ትልቅ ሰው ጋ ይቀመጣል ተብሎ። በመስኮት ሳይ ዳንቴል አልብሰውታል፣ በዳንቴሉ ላይ የአርቴፊሻል አበባ ማስቀመጫ ቆሟል።

ጸሐፊያችን ያንን ጥንታዊ መዝገብ ዘርግተው በእስክሪብቶ ይጽፋሉ።

«እትዬ፣ ለምን በኮምፒውተሩ አይመዘግቡም?»

«ቁልፉ ሰብሳቢው ጋ ነው ልጄ።»

«ታዲያ ይክፈቱልዎ እንጂ!»

«ለቅሶ ሄደዋል።»

መቼም ይሄ እድር ነው፣ ምን ይባላል? ብሬን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ቆጠሩት። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው በጣታቸው መስመሩን እየተከተሉ ስሜን ፈለጉ፣ አገኙትና ቀና ብለው አዩኝ።

«ቅጣት አለብህ።»

«የምን ቅጣት?»

«የዛሬ ሁለት ወር ቅዳሜ ጠቅላላ ስብሰባ ቀርተሃል። 50 ብር።»

ቅዳሜ። አስታወስኩት። ያን ቀን ኮምፒውተሩን ተሸክሜ ከፎቅ እየወረድኩ ነበር።