ዱለቱን ስጧት፣ እንቁላሉን ደብቁባት

ዛሬ ምስጋና አምሮኛል። ሆዷ ትንሽ ገፋ ያለች ሴት ባዩ ቁጥር የምግብ ሐኪም ለሚሆኑት፣ ደሞዝ ሳይከፈላቸው፣ ጋውን ሳይለብሱ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ለሚያገለግሉን ወገኖቻችን። ታክሲ ውስጥ አሉ። ለቅሶ ቤት አሉ። ዳቦ ሰልፍ ላይም አሉ። "ስንት ወርሽ ነው?" ብለው ይጀምሩና መልሱን ሳይሰሙ "ሙዝ እንዳትበዪ!" ይላሉ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ እንኳ ቢያንስ ካርድ እስክታወጪ ትጠብቃለች።

የእውቀታቸው ጥልቀት ይገርመኛል። ወተት አትጠጪ፣ ልጁ አናት ላይ ይለጠፋል። አቮካዶም እንደዛው። እንቁላል ልጁን ያገዝፈዋል፣ ምጥ ይከብድሻል። ቃሪያ ያቃጥለዋል። ማሩንም ተዪው፣ ተልባውንም ተዪው። ወተቱ በጉሮሮ ወርዶ፣ ጨጓራውን አልፎ፣ የማህፀን በር አንኳኩቶ፣ ከሰው አካል ሁሉ መርጦ የልጁ አናት ላይ እንዴት ጉብ እንደሚል በየትኛውም የሕክምና ትምህርት ቤት አይሰጥም፤ እትዬ ግን ያውቁታል። ማስረጃም አላቸው። "የእንትና ልጅ ሲወለድ ነጭ ነገር ተለጥፎበት አልነበር?" ነበር እንጂ! ያ ነጭ ነገር ልጁ ማህፀን ውስጥ እያለ ቆዳውን የሚጠብቅለት የራሱ ቅባት ነው፤ እናቱ ወተት ጠጣች አልጠጣች ይኖራል። የዓለም ጤና ድርጅት ጭራሽ ልጁን ለማጠብ አትቸኩሉ፣ ቢያንስ 24 ሰዓት ጠብቁ ይላል። እሱ ምን ያውቃል፣ ለቅሶ ቤት አይመጣ።

ከልካይ ብቻ ናቸው እንዳትሉ ግን። ሲሰጡም ያውቁበታል።

ቅዳሜ ከሰዓት ሥጋ ቤት ግቡ። ቆራጩ ብር ይቀበላል፣ መልስ ይቆጥራል፣ በዚያው እጁ ሽንጡን ገልበጥ አድርጎ ይቆርጣል፣ ቢላዋውን ጋውኑ ላይ ጠረግ ያደርጋል። ጋውኑ አንድ ጊዜ ነጭ ነበር። ጥግ ላይ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ተቀምጣለች። "ደም ይሆናታል" ብለው ጥሬውን በአዋዜ አጥቅሰው ያጎርሷታል። "ለኔ በደንብ ይጠበስልኝ" ብትል ጠረጴዛው ጸጥ ይላል፤ የሰው እናት የሰደበች ነው የምትመስለው። "ካበሰልሽውማ ምኑን በላሽው!" ይላል አንዱ ጋሼ። ሌላዋ ደግሞ አምሮቷ ከቀረባት ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል ብላ ታስፈራራለች። አምሮቷ እንቁላል ፍርፍር የሆነ ቀን ግን ምልክቱም አይወጣ፣ የሚያጎርስም አይገኝ።

ጥሬ ሥጋ ውስጥ ሊኖር የሚችል ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሐዋሲ አለ። ሴትየዋን በእርግዝናዋ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ከያዛት እሷ ምንም ሳይሰማት ወደ ልጁ ሊያልፍ ይችላል። ፅንሱ ሊወርድ፣ ወይም ልጁ ዓይኑና አንጎሉ ተጎድቶ ሊወለድ ይችላል። ሥጋው ውስጥ ያለውን የሚገድለው እሳት ነው፣ እሱም መሃሉ ድረስ ሲበስል። የኛ ሰው ግን ከእሳት የበለጠ መድኃኒት አለው፤ ሚጥሚጣ። እሱ ካልበቃ አንድ መለኪያ አረቄ። ለነፍሰ ጡር! ለእኔ የዚህ ፈጠራ ባለቤት ሐውልት ይገባዋል።

ዱለትማ የብቻው ምስጋና ያስፈልገዋል። ጨጓራና ጉበት ደቆ፣ በቅቤ ለብ ተደርጎ፣ "ደም ላነሳት ሴት የሚሆን" ተብሎ ይቀርባል። ጉበት አይረን አለው፣ እውነት ነው። ቫይታሚን “ኤ” ደግሞ ከልክ በላይ አለው፣ እሱም ሲበዛ ፅንሱን ስለሚጎዳ እንግሊዝ አገር ለነፍሰ ጡር ጉበት አትብዪ ነው የሚሏት። ቢበስል እንኳ። እነሱ ዱለት ስለማያውቁ ይሆናላ!

ወተት ክልክል ነው ብለናል አይደል? ግን ልዩ ፈቃድ አለ። ከገጠር ዘመድ የላከው፣ ያልፈላ፣ ከላሟ እንደወረደ ከሆነ "በረከት ነው" ይባልና ትጠጣለች። ብሩሴላና ሊስቴሪያ የሚባሉት ጀርሞችም በበረከቱ ውስጥ አብረው ሊገቡ ይችላሉ። አንድ ጊዜ ማፍላት ነበር፤ ግን ከፈላ ወተት ሆነ ማለት ነው፣ ወተት ደግሞ አናት ላይ ይለጠፋል።

ጤና ጣቢያ የሚሰጣት የአይረንና ፎሊክ አሲድ ክኒንስ? እሱም "ልጅ ያገዝፋል" ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። ፎሊክ አሲድ የልጁ አከርካሪና አንጎል በትክክል እንዲገጥም የሚረዳ ነገር ነው፣ ያ መግጠም ደግሞ የሚያልቀው ከተፀነሰ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት ገደማ፣ አብዛኛዋ ሴት ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ ነው። ስለዚህ መጀመር ያለበት ከእርግዝናው በፊት ነበር። በዚያን ጊዜ መካሪዎቻችን ገና "መቼ ነው የምትወልጂው?" በሚለው ክፍለ ጊዜ ላይ ናቸው። ደፍራ ክኒኑን የዋጠችዋም ብትሆን ከቡና ጋር ነው፤ ቡናና ሻይ አይረኑ በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳሉ ብላ አቦሉን ገፋ ብታደርግ "ኧረ በረካውን ሳትጠጪ የት!" ተብላ ተይዛ ትቀመጣለች።

የዚህ ሁሉ ጥበብ ዓላማ ግልጽ ነው። እሷ ትንሽ ትብላ፣ ልጁ ትንሽ ይሁን፣ ምጡም ቀላል ይሁን። ኪሎው አንሶ የተወለደ ልጅ ቶሎ ይታመማል፣ ደሟ ያነሰ እናትም ስትወልድ ትንሽ ደም ቢፈሳት እንኳ ትወድቃለች። ቢሆንም ቶሎ ወጣ አይደል? ከዚያ በኋላ ያለው የፈጣሪ ሥራ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ሁሌ ይከነክነኛል። ዶሮዋ እንቁላል መጣሏን አላቆመችም፣ ነፍሰ ጡሯም መብላት ተከልክላለች፤ ታዲያ እንቁላሉ የት ይሄዳል? ማታ ማታ ባልየው ፊት በቃሪያና በሽንኩርት ተጠብሶ አየሁት። ለሱ ምጥ የለበትማ።

ደግሞ ግፍ እንዳይሆንብን፣ ስትወልድ ይክሷታል። ዘጠኝ ወር የተከለከለችው ቅቤ፣ እንቁላል፣ ዶሮና አጥሚት በአንድ ሳምንት አራስ ቤት ውስጥ ይዘንብላታል። ገንፎው መሃሉ ላይ ቅቤና በርበሬ ተንቆርቁሮበት ሲመጣ መካሪዎቹ ቀድመው ከበው ተቀምጠዋል፤ እልልታውንም ገንፎውንም አጋመሱት። አራሷ አልጋ ላይ ሆና ማንኪያ ስትጠይቅ "ቆይ አንቺ፣ ገና ነሽ፣ ይከብድሻል" ይሏታል።