ሂንዲን ለሕፃን በመመሪያ?

የሕንዷ ማሃራሽትራ ክፍለ ግዛት መንግሥት ሂንዲን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ፣ ከግዛቱ ቋንቋ ከማራቲና ከእንግሊዝኛ ቀጥሎ፣ ሦስተኛ ቋንቋ ለማድረግ ያወጣቸውን ሁለት መመሪያዎች እ.ኤ.አ. ጁን 29 ቀን 2025 ሰርዟል። "ከተሰረዘ ምን ያስጮኻችኋል?" የሚሉ አሉ። እኔን የሚያስጮኸኝ ክርክሩ አለመሰረዙ ነው። ጉዳዩ በኢኮኖሚስቱ ናሬንድራ ጃድሃቭ ለሚመራ ኮሚቴ ተላለፈ እንጂ አልሞተም። የመመሪያው ደጋፊዎችም ያችኑ ነገር ይደጋግማሉ፤ ሂንዲና ማራቲ የሚጻፉት በአንድ ፊደል፣ በዴቫናጋሪ ስለሆነ ልጆቹን አይከብዳቸውም ይላሉ።

ይኼ ለእኛ ሰው አይነገርም። አማርኛና ትግርኛም ፊደላቸው አንድ ነው። የደብረ ማርቆስ ልጅ ሀ ሁ ስለቆጠረ ትግርኛ ቻለ? የማራቲ ልጅ እናቱን "ኣይ" ይላታል፤ በሂንዲ "ማ" ናት። ዝናብ በማራቲ "ፓውስ" ነው፤ በሂንዲ "ባሪሽ"። የስድስት ዓመት ልጅ ገና የራሱን ቃል ከፊደሉ ጋር ማገጣጠም ሳይጨርስ በዚያው ፊደል ሌላ ቋንቋ ከደረባችሁበት ታደናግሩታላችሁ።

ደግሞ "ሕፃን ቋንቋ ቶሎ ይይዛል" ይሉናል። ይይዛል። ግን ከማን?

ዱባይ ስንኖር ጎረቤቶቻችን ከሰሜን ሕንዷ ከተማ ከላክናው የመጡ ሂንዲ ተናጋሪዎች ነበሩ። ልጄ ያኔ አራት ዓመቷ ነበር። አስተማሪ አልቀጠርንላትም። ኮሪደር ላይ ከልጆቻቸው ጋር ስትሯሯጥ "ቻሎ" ማለት ጀመረች፤ እንሂድ ማለት ነው። ውኃ ሲጠማት "ፓኒ" ትላለች። አንድ ቀን ደግሞ "የእኔ ናኒ አዲስ አበባ፣ ዳዲዬ ጎንደር ናት" አለችኝ። ደንግጬ ቀረሁ። እኛ ሁለቱንም አያት ነው የምንላቸው። ሂንዲ የእናትን እናት ናኒ፣ የአባትን እናት ዳዲ ብሎ ይለያል። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘችውም። የጎረቤቶቻችን የባልየውም የሚስትየዋም እናቶች በየተራ ከሕንድ መጥተው ከርመው ነበር። አንደኛዋ ከሽምብራ ዱቄት ላዱ የሚባለውን ጣፋጭ ጠቅልላ ታጎርሳታለች፣ ሌላኛዋ ጸጉሯን ትሠራታለች። ልዩነቱን ያወቀችው በእጃቸው ነው። የብርሃን በዓላቸው ዲዋሊ ሲደርስ ደጃፋቸው ላይ በባለ ቀለም ዱቄት ራንጎሊ የሚባለውን ጌጥ አብራ ሠራች፤ የሸክላዋን ኩራዝ ጠጋ ብላ ጣቷን ሲለበልባት "ዲያ" የሚለው ቃል ገባት። ያን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳችውም። ቃል ልጅ ውስጥ የሚገባው እንዲህ ነው፤ ከሚበላ ነገር፣ ከሚያቃጥል ነገር፣ ከሚወዱት ሰው ጋር ተያይዞ።

እዚያው ፎቅ ላይ ከማሃራሽትራዋ ከተማ ከፑኔ የመጡ ማራቲ ተናጋሪዎችም ነበሩ። የእነሱም ልጅ ሂንዲን የለመደው ከልጄ ጋር፣ ያው ኮሪደር ላይ ነው። ማንም አላስገደደውም። ሂንዲን ወደደው። ይኸው ልጅ ቋንቋውን ከፈተና ወረቀት ጋር ቢያገኘው ኖሮ ይወደው ነበር ብሎ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ።

ከተሰረዙት ሁለት መመሪያዎች የኋለኛው፣ የጁኑ ማሻሻያማ ይብሳል። "ግዴታ አይደለም፤ በአንድ ክፍል ሌላ ቋንቋ የሚፈልጉ 20 ተማሪዎች ከተገኙ እሱን ይማሩ" ተባለ። በማሃራሽትራ ገጠር ጠቅላላ ተማሪው 20 የማይሞላ ትምህርት ቤት ሞልቷል። እዚያ ያለ ወላጅ ሃያ ሰው ከየት ያምጣ? ይህን ምርጫ ብሎ መጥራት ወላጅን መናቅ ነው።

ሂንዲ ለሥራ ይጠቅማል፣ አልክድም። ልጁ አደግ ሲል ይማረው። ኮሚቴው ግን የመጀመሪያዎቹን ዓመታት አይንካብን። ልጁ በሚያውቀው ቋንቋ ማንበብ ይልመድ። ሂንዲውን ለፊልሙ፣ ለክሪኬቱና ለጎረቤት ልጅ ተዉለት።