ደሴን በእግር፦ በአሥራ አራት ሰው ወይስ በሦስት?

አንድ ቅዳሜ አሥራ አራት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደሴን ከጠዋት እስከ ማታ በእግራቸው ሲዞሩ ዋሉ። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ከሱቅ በረንዳ ላይ ሆነው አዩአቸው። ነገሩ አልጣማቸውም። ከተማሪዎቹ አንዷ ይህን ሰማችና መልስ አለኝ አለች። ሁለቱም በጽሑፍ እንዲከራከሩ ጠየቅናቸው። ጥያቄው አንድ ነው፦ ተማሪ ታሪካዊ ከተማን በቡድን እየዞረ ያውቃታል ወይ?

ተማሪዋ፦

የወልድያ ልጅ ነኝ። ደሴን ሁለት ዓመት ሙሉ የማውቃት በባጃጅ ነበር። ከግቢ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ግቢ። ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው "እስቲ አንድ ቀን በእግራችን እንያት" የተባባልነው።

ባጃጅ ዳገት አያስተምርም። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ለምን እዚያ ጉብታ ላይ እንደሰፈሩ የገባኝ ወደ ግብር አዳራሻቸው ወደ አይጠየፍ ስወጣ ትንፋሼ ሲቆራረጥ ነው። መጽሐፉ ላይ "ስትራቴጂካዊ ቦታ" ይላል። ቃሉን ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። ትርጉሙን የነገረኝ ግን ጉልበቴ ነው።

ስሞቹም እንደዚያው። የታክሲ ረዳት "ሸዋ በር! ሸዋ በር!" እያለ ሲጮህ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። በር መሆኑን አስቤው አላውቅም። ወደ ሸዋ መውጫው እኮ ነው! አረብ ገንዳ ስንደርስ ደግሞ እኔ ገንዳ ሲባል ከብት ውኃ የሚጠጣበትን ነበር የምፈልገው። ከከሚሴ የመጣችው ጓደኛችን ሳቀችብኝ። "ገንዳ በኦሮምኛ ሰፈር ማለት ነው፤ የአረብ ሰፈር" አለች። ብቻዬን ብዞር ኖሮ እስካሁን ገንዳውን እፈልግ ነበር።

በቡድን መሄድ የምወደው ለዚህ ነው። ሲቪል ምህንድስና የሚማረው ልጅ በሽቦ የታሰረ የድንጋይ ግንብ ባየ ቁጥር ይቆማል። መጀመሪያ አበሳጨን። ኋላ ግን ደሴ በመሬት መንሸራተት የምትቸገር ከተማ እንደሆነች፣ ያ ግንብ ሰፈሩን ደግፎ እንደያዘ ሲያስረዳን ሁላችንም ግንብ መቁጠር ጀመርን። ከባቲ የመጣው ልጅ ደግሞ መስጊድ በር ላይ የተጻፈውን አረብኛ ያነብልናል። አሥራ አራት ሰው ማለት ሃያ ስምንት ዓይን ነው።

መምህሩ፦

ልጄ፣ እኔም ያን ቅዳሜ ሃያ ስምንቱን ዓይን አይቻለሁ። አብዛኛው ስልክ ላይ ነበር። አንዱ ከስልኩ ያነባል፣ አራቱ ይሰማሉ፣ የቀሩት ፎቶ ይነሳሉ። አልፈርድባችሁም፤ ወጣት ናችሁ። ግን አንባቢው ምን እያለ ነበር? "አይጠየፍን የሠራው ጣሊያን ነው።" ማንም አላረመውም። ሁላችሁም ራሳችሁን ነቀነቃችሁ። ብቻውን የተሳሳተ ሰው ቢያንስ ይጠራጠራል። አሥራ አራት ሆነው የተሳሳቱ ግን እርግጠኛ ሆነው ቤታቸው ይገባሉ።

ከመካከላችሁ አንዱን ጠርቼ "ወይዘሮ ስሂን ማን ናቸው?" አልኩት። "ትምህርት ቤት ነው" አለኝ። የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት መሆናቸውን አያውቅም። ፎቶ ግን ተነስቷል።

ሌላው ነገር ከዚህ ይከብዳል። ወሎ ውስጥ ቡና በተፈላበት ደጃፍ ሰው ሲያልፍ "ግቡ፣ ቡና ጠጡ" ይባላል። ሁለት ሰው ቢያልፍ ባለቤቷ ደስ ብሏት ትጠራለች። አሥራ አራት ሲያልፍስ? ካልጠራች ነውር ነው። ከጠራች ደግሞ ረከቦቱ ላይ ያለው ሲኒ ስድስት ነው። ስለዚህ በሯን ገርበብ ታደርጋለች። ያን ቀን በእኛ ሰፈር ሦስት በሮች ገርበብ ሲሉ በዓይኔ አይቻለሁ። እናንተ ደግሞ የተዘጋውን በር እያያችሁ አለፋችሁ።

የዚህች ከተማ ታሪክ ያለው ከበሩ ወዲያ ነው። ደሴ ጎንደር አይደለችም፤ ግንብ ደርድራ አትጠብቅሽም። እንደ ላሊበላም ከአለት የተፈለፈሉ 11 አብያተ ክርስቲያናት የሏትም። ጭቃና ቆርቆሮ ናት። ጭቃው ይፈርሳል፣ ቆርቆሮው ይቀየራል። የቀረው የሰው አፍ ነው።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ እናቴ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። መጽሐፉ ስለዚያ ቀን የሚነግርሽ ጃንሆይ ራሳቸው መትረየስ ይዘው እንደተኮሱ ነው። እውነት ነው። እናቴ የምታስታውሰው ግን የበርበሬውን ሽታ ነበር። ጎረቤት የተሰጣ በርበሬ ተቀጣጥሎ ሰፈሩ ሁሉ እየሳለ፣ እያነጠሰ ወደ ጦሳ ተራራ ሮጠ። እሷም ከቦምቡ ይልቅ የፈራችው ሳሏን ነው። አውሮፕላኑ ይሰማኛል ብላ አፏን በነጠላዋ አፍና ነበር የምትሮጠው።

ይህን አቦል ላይ አልነገረችኝም። ቶና ላይም አልነገረችኝም። በረካ ላይ ነው የሰማሁት፣ ያውም ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ። እናንተ በረካ ድረስ የት ቆያችሁ?

ተማሪዋ፦

ጋሼ፣ ስህተቱን አምናለሁ። ግን አንቱ ያዩት ግማሹን ነው። አንቱ በረንዳው ላይ ቀሩ፤ እኛ ቀጠልን።

አይጠየፍ ደጃፍ ስንደርስ ልጁ ያንኑ ደገመው። መንገድ ዳር ቆሎ የሚሸጡ እናት ሰሙት። "ማን? ጣሊያን?" አሉ። "ወላሂ ጣሊያን ድግስ ያውቃል?" ከዚያ ስሙን ከነትርጉሙ አስረዱን። አይጠየፍ የተባለው ንጉሥ ሚካኤል ግብር ሲያበሉ ደሃ ሀብታም ሳይሉ፣ ማንንም ሳይጠየፉ ስለነበር ነው አሉን። ክፍል ውስጥ ቢሆን መምህሩ አርሞት ያልፍ ነበር፤ እኛም እንረሳው ነበር። አሁን ግን ማናችንም አንረሳውም። በተለይ ልጁ። እስካሁን "ጣሊያኑ" ነው የምንለው።

ስለ በሩ የተናገሩት ግን አንገቴን አስደፋኝ። አላሰብነውም ነበር። እውነትዎን ነው።

ቢሆንም ምሳውን ልንገርዎት። ስምንቱ ክርስቲያን፣ ስድስታችን ሙስሊም ነን። ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ ጾም የለም። ሁሉም ጥብስ አምሮታል። የክርስቲያን ምግብ ቤት ብንገባ ስድስታችን ሥጋውን አንበላም። የእስላም ምግብ ቤት ብንገባ ደግሞ ስምንቱ አይበሉም። በሩ ላይ ቆመን ሩብ ሰዓት ያህል ተነጋገርን። በመጨረሻ በየዓይነቱ አዘዝን። አስተናጋጁ ግራ ገብቶት "ዛሬ ምን ጾም ነው?" አለን። በትልልቅ ትሪ ተቀላቅለን በላን።

እዚያው ትሪ ላይ ነው አንዱ "ንጉሥ ሚካኤልስ ይሄን ሁሉ ሰው ምን ያበሉት ነበር?" ያለው። ጥያቄው ቀልድ ይመስላል። ግን ሰውየው መሐመድ አሊ ተብለው የተወለዱ ናቸው። ሚካኤል የተባሉት በ1870 ዓ.ም ከቦሩ ሜዳው የሃይማኖት ጉባኤ ጋር ተያይዞ፣ ዐፄ ዮሐንስ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ባዘዙ ጊዜ ነው። አንዷ "ለአገር አንድነት ብለው ነው የተጠመቁ" አለች። የባቲው ልጅ "የአንቺ አያት ቢሆኑ እንዲህ ትያለሽ?" አላት። ከዚያ በኋላ ምግቡ ቀዘቀዘ። አንድ ሰዓት ተኩል ተከራከርን። ሁለቱ ተኮራርፈው እስከ ሰኞ ገበያ ድረስ ተራርቀው ሄዱ። ሰኞ ገበያ ላይ ዝናብ መጣና አንድ ጃንጥላ ሥር ገቡ።

ይህ ጥያቄ ክፍል ውስጥ ተነስቶ አያውቅም። ክፍል ውስጥ ማን ምን እንደሚበላ አይታይማ።

መምህሩ፦

ትሪውን አልሰማሁም ነበር። ጥሩ ትሪ ነው። ለሙግትሽ ግን ብዙም አይረዳሽ። አንድ ላይ ለመብላት ከተማ መዞር አያስፈልግም። የቆሎዋ እናትም ቢሆኑ ዕድል ናቸው፤ ዘዴ አይደሉም። ያን ቀን ታመው ቢውሉ ኖሮ ጣሊያን አይጠየፍን እንደሠራ ይቀር ነበር።

ደግሞም ለብዙ ሰው የማይነገር ነገር አለ። ከፒያሳ ስትወርዱ የረገጣችሁት መንገድ ላይ በ1965 እና በ66 ምን እንዳየሁ ማን ይነግራችኋል? ያኔ የ16 ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ከየገጠሩ ድርቁ ያወጣው ሰው መንገድ ዳር ተቀምጧል። ለማኝ አይደለም፤ ገበሬ ነው። እጁን ለመዘርጋት አልለመደም። ስለዚህ ዝም ብሎ ይቀመጣል። እኛ ደብተር ይዘን በመካከሉ እናልፍ ነበር። ከትምህርት ቤት ስንመለስ የተወሰኑት እዚያው ናቸው፤ የተወሰኑት የሉም። የት ሄዱ ብለን አንጠይቅም። እናውቃለን።

እኔ ባየሁበት ቦታ ላይ ምንም ምልክት የለም። አሁን የሞባይል ካርድ ይሸጥበታል። ይህን መንገድ ላይ ቆሜ፣ ለአሥራ አራት ሰው፣ ስልክ ተደግኖብኝ አልናገረውም። ሚስቴ እንኳ የሰማችኝ ሁለት ጊዜ ነው። ለሦስት ሰው ግን፣ ተቀምጬ፣ ምናልባት።

ለዚህ ነው ሦስት የምለው። ሦስት ሰው ይጠራል፣ ይቀመጣል፣ ይሰማል። ከሦስት በላይ ሰልፍ ነው።

ተማሪዋ፦

ሰልፍ ካሉ አይቀር፣ እውነትም አንድ ጥበቃ "ሰልፍ ነው እንዴ? ፈቃድ አላችሁ?" ብሎ አስቁሞን ነበር። መታወቂያችንን አይቶ ለቀቀን።

ጋሼ፣ ያሉትን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ድርቁ የጻፉት ላይ የምከራከረው ነገር የለኝም። ሦስት በሚለው ቁጥር ላይ ግን አለኝ።

አንደኛ፣ አንቱ ወንድ ነዎት። ብቻዎን ቢዞሩ ሰው "ጋሼ ደህና አደሩ" ይልዎታል። እኔ ብቻዬን ገበያ መሃል ብሄድ በየአምስት እርምጃው አንድ የሚለክፍ አለ። ከተማ ለማየት አንገቴን ቀና ማድረግ አለብኝ። ብቻዬን ስሄድ አንገቴን ደፍቼ፣ ቶሎ ቶሎ ነው የምራመደው። ሁለት ዓመት ሙሉ በባጃጅ የዞርኩትም በስንፍና ብቻ አይደለም። ያን ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ መንገድ መሃል ቆሜ ቀና ብዬ ሰገነት አየሁ። ከኋላዬ አሥራ ሦስት ሰው ስለነበረ ነው።

ሁለተኛ፣ የቀረው የሰው አፍ ነው ብለዋል። እሺ። ዕቃውማ በ2014ቱ ጦርነት የደሴ ሙዚየም ሲዘረፍ ምን እንደሆነ አንቱ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ታዲያ አፉ ስንት ጆሮ ይበቃዋል? ሦስት ጆሮ የሰማውን አንዱ ይረሳዋል፣ አንዱ ውጭ አገር ይሄዳል፣ አንዱ ደግሞ እንደ ጣሊያኑ አዛብቶ ያወራዋል። አሥራ አራት ከሰማን ግን እንተራረማለን።

ማታ ላይ ደክሞን አንድ ደረጃ ላይ ተቀምጠን ነበር። ዐፄ ዮሐንስ በ1870ዎቹ እዚህ ሰፍረው ጅራታም ኮከብ ቢያዩ ቦታውን ደሴ፣ ደስታዬ፣ አሉት ይባላል። እኛም ቀና አልን። ከጭጋግ በስተቀር ምንም የለም። ብርዱ ግን ለብቻው ታሪክ ነው።

ቅዳሜ እንምጣ? የበርበሬውን ነገር ከአፍዎ ብሰማው ደስ ይለኛል። አሥራ አራት ነን። ሲኒው እንዳያስጨንቅዎት፣ እኛው ይዘን እንመጣለን።

መምህሩ፦

ስለ መንገዱና ስለ ወንዶቹ ያልሽውን አላሰብኩትም ነበር። ሴት ልጆች አሉኝ፤ አንዳቸውም ነግረውኝ አያውቁም። ወይ ነግረውኝ አልሰማሁ ይሆናል።

ሲኒ ይዞ የሚመጣ እንግዳ ግን ወሎ ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። ባለቤቴ ይህን ብትሰማ እኔንም አንቺንም ከቤት ታስወጣናለች። ሲኒ ከጎረቤት ይዋሳል፤ አብሽሪ፣ ችግሩ እሱ አይደለም።

ሦስት ብያለሁ። ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ኑ፣ እስከ በረካ የምትቆዩ ከሆነ። አንዱ ጣሊያኑ ይሁን።