ስለ እኛ ብለው ሚዞሩ

ውጭ ሀገር ሚኖሩ ወገኖቻችንን በቅጡ አላመሰገንናቸውም። በላይ ይሙት የምሬን ነው። ሰው አምስት ሌሊት ሙሉ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያወርድ ሲሰቅል ሰንብቶ፣ ቅዳሜ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ መዋል ሲችል፣ ተነስቶ ቦርሳውን አንግቶ ከተማ ለከተማ እየዞረ ፎቶ ይለቃል። ለማን ብሎ? ለኛ ነዋ! ጣና ዳር ቁጭ ብለን ማኪያቶ እያማሰልን ስልክ ለምንጎረጉረው። ለራሱ ቢሆንማ ይተኛ ነበር።

ያክስቴን ልጅ ልንገራችሁ። የቡሬ ልጅ ነው፣ አሁን ፍራንክፈርት ነው ሚኖረው። ጀርመኖች በፈረንጆቹ 2023 በወር 49 ዩሮ ሀገሩን ሙሉ በባቡር ሚያዞር ትኬት ካወጡ ወዲህ (አሁን ዋጋው ጨምሯል) ልጁ እግሩ መሬት ነክቶ አያውቅም። ትኬቱ ግን ፈጣኑን ባቡር አይጨምርም፣ ስለዚህ ፈጣኑ በአንድ ሰአት ምናምን ሚደርስበትን ኮሎኝ እሱ በየጣቢያው እየቆመ በሚያዘግመው፣ ልክ ዳንግላ ላይ ሰው አልሞላ ብሎት እንደሚጎተት ሚኒባስ፣ ከሶስት ሰአት በላይ ተቀምጦ ነው ሚሄደው። ይሄ መስዋዕትነት ካልሆነ ምንድነው መስዋዕትነት?

ኮሎኝ ትልቁ ካቴድራል አለ። 157 ሜትር ነው ቁመቱ፣ በ1248 ተጀምሮ በ1880 ነው ያለቀው፣ በነሱ አቆጣጠር፣ ስድስት መቶ ሰላሳ ሁለት አመት ማለት ነው። ያክስቴ ልጅ ባስራ አምስት ደቂቃ ጨረሰው። ከዛ ውስጥ አስራ ሁለቱ ደጅ ላይ ነው የሄደው፣ ጫፉ ፍሬም ውስጥ አልገባ ብሎ። መጨረሻ ላይ ስልኩን መሬት ላይ በጫማው አስደግፎ ተንበርክኮ ሲያስተካክል አንዲት ፈረንጅ አሮጊት ስእለት ያለበት መስሏት አማትባ አለፈች አለኝ።

ፎቶው ቡሬ ሲደርስ አክስቴ ስልኩን ከጎረቤት ልጅ ቀምታ በእጇ ዳበሰችውና ደወለችለት።

«ልጀ፣ ያች ቤተክስያን የማን ታቦት ናት?»

«እ... ቆይ እማዬ...» (ጎግል ሲያደርግ ይሰማል) «ጴጥሮስ ነው ሚለው።»

«እሰይ! ተሳለምህ?»

«ሰልፊ ተነሳሁ እማዬ።»

ተሳለምህ ብላ ብትጠይቅም፣ ውስጥ ያለውን ብታውቅ ኖሮ በባዶ እግሯ ከቡሬ ትነሳ ነበር። እዛ ካቴድራል ውስጥ የሰብአ ሰገል አፅም ያረፈበት ነው ተብሎ ሚታመን የወርቅ ሳጥን አለ። ወርቅ እጣን ከርቤ ይዘው ቤተልሔም የሄዱት ሰዎች ማለት ነው! ሳጥኑን አየኸው ወይ ብዬ ጠየኩት። «ውስጥ ላይቱ አሪፍ አይደለም» አለኝ። ምን ይባላል፣ ባለሙያ ነው።

ደሞ ቁጠባቸው! ሶስት ሆነው ነው ሚሄዱት፣ ሶስት ጃኬት ይዘው። አንዱ ጋ ፖዝ፣ ከዛ ጣቢያው ሽንት ቤት ገብተው (አንድ ዩሮ ያስከፍላል፣ ስለዚህ አንደኛው ብቻ ከፍሎ የሁሉንም ይዞ ይገባል እንዴት እንደሚሆን አትጠይቁኝ) ጃኬት ይቀያየራሉ፣ ከዛ ድልድዩ ላይ፣ ፍቅረኞች ቁልፍ ቆልፈው ቁልፉን ራይን ወንዝ ሚጥሉበት ላይ፣ እንደገና። ባንድ ቅዳሜ የሶስት ሳምንት ዊኬንድ ይመረታል። እኛ እዚህ በየሳምንቱ «አይ እሱማ አለፈለት» እንላለን። ኔት ጠፍቶ በከረመበት ጊዜ ይሄን ሁሉ እንዳላየን ሳስብ አንጀቴ ይላወሳል፣ ደግነቱ ሲከፈት ልጁ አንድም ሳያስቀር ከስር ከስሩ አስቆጠረን።

እሁድ እሁድ እዛ ሱቅ ዝግ እንደሆነ፣ ቅዳሜ ማታ ዳቦ ካልገዛህ እስከ ሰኞ እንደምትፆም፣ እሁድ ግድግዳ ላይ ምስማር ብትመታ ጎረቤት እንደሚቆጣ፣ የውሃ ፕላስቲክ አጠራቅመህ ማሽን ውስጥ ስትከት ባንዱ 25 ሴንት እንደሚመለስልህ፣ ይሄን አንዴ ሌሊት ላይ ድምፁ ወረድ ብሎ ነግሮኛል። እኔም ተቆጣሁት። አያ ምን ነካህ፣ እንዲህ አይነት ወሬ ለሰው ይነገራል እንዴ አልኩት። ወዲያው ታረመ፣ በሳምንቱ አምስተርዳም ነበር።

የኛንም ድርሻ አልክድም፣ እኛም እጃችንን አጣጥፈን አልተቀመጥንም። ፎቶው እሁድ ማታ ከተለቀቀ ሰኞ ጠዋት የቤተክርስቲያኑ ቆርቆሮ ይመጣል፣ የጎረቤት ልጅ ስልክ ይመጣል፣ የእድር ድንኳን ይመጣል፣ እኔ ራሴ ላፕቶፕ ጠይቄዋለሁ ምን እዋሻለሁ። አምስተርዳም ሚዝናና ሰው ላፕቶፕ ያቅተዋል? የለኝም እንዳይል ፎቶው አለ። ስለዚህ ቅዳሜም ሺፍት ይገባል፣ ከሺፍት ሲወጣ ጀምበር ሳትጠልቅ አንድ ቦታ ደርሶ ፖዝ ይሰጣል፣ ሰኞ ደሞ ሌላ ቆርቆሮ። ይሄን ያህል ሳይዛነፍ ሚዞር ነገር እዚህ ሀገር ወፍጮ ብቻ ነው።

ባለፈው ሚያዝያ መጣ። ጢስ አባይ ውሰደኝ አለ። ኮሎኝን፣ አምስተርዳምን፣ ፓሪስን ያየ ሰው ጢስ አባይን አላየም ብዬ ልስቅበት ነበር፣ ግን እኔም ባህር ዳር ዘጠኝ አመት ኖሬ 30 ኪሎ ሜትሯን አልሄድኩባትም፣ የሱን ፎቶ ሳይ የት ጊዜ አገኛለሁ። አክስቴንም ይዘን ሄድን።

ሚያዝያ ነው እንግዲህ። ወንዙ ደርቋል፣ ካለውም ላይ በኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ከተሰራው የመብራት ማመንጫ ጀምሮ ወደ ተርባይን ይጠለፋል፣ 40 ሜትር ገደማ ከሚሆነው ገደል ላይ ሁለት ሶስት ክር ብቻ ትንጠለጠላለች። ያክስቴ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ቆመ። «የታለ ጢሱ?» አለ።

«ጢሱማ መስከረም ነው ጋሼ» አለው ሚመራን ልጅ።

እሱም አልተሸነፈም፣ ከኔት ላይ የመስከረሙን አውርዶ ለቀቀው፣ ከላይክ ብዛት ስልኩ ኪሱ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ዋለ። አክስቴ ካሜራውንም ሰውንም ሳታይ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ውሃውን ስታይ ቆየችና፣ ጠምቷት የገዛንላትን ውሃ ጠጥታ ፕላስቲኩን ሳሩ ላይ አስቀመጠችው። ያኔ ልጇ፣ ሳያስበው ይመስለኛል፣ ጎንበስ ብሎ አነሳው፣ ጠብታውን አራገፈና ክዳኑን መልሶ ገጥሞ ዙሪያውን ማየት ጀመረ።

«ምን ፈልገህ ነው ልጀ?»

«ይሄ እኮ 25 ሴንት ነው» አለ።

«በኛ ስንት ነው ጋሼ?» አለ ሚመራን ልጅ። መልሱን አልጠበቀም፣ ቁልቁለቱን ወርዶ ሮጠና አራት ፕላስቲክ ይዞ ተመለሰ።