«ከቻሉ ለምን ራሳቸው አልዘፈኑም?»

ባለፈው በዓል ማታ አንድ የቴሌቪዥን አቅራቢ የስድሳዎቹን ዘፈኖች ሲያወድስ አመሸ። ማወደሱ ባልከፋ። አንድ ወጣት ኪቦርድ ተጫዋች «የአቀናባሪዎቹስ ስም ለምን አይጠራም?» ብሎ ሲጠይቀው ግን ሳቅ አለና «ዘፈን ማለት ድምፅ ነው፤ ሌላው አጃቢ ነው። ያን ያህል ከቻሉ ለምን ራሳቸው አልዘፈኑም?» አለ። ስቱዲዮው በጭብጨባ ተናጋ። እኔ ሪሞቱን ፍለጋ ገባሁ።

ከመጨረሻዋ ጥያቄ ልጀምር፣ መልሷ አጭር ነውና። ዘፍነዋል! «እኔ ነኝ ባይ ማነሽ»ን ያዜሙት ጋሽ ግርማ በየነ አይደሉም እንዴ? ፒያኒስት፣ የባንድ መሪ፣ አቀናባሪ። በዚያ ዘመን በራሳቸው ድምፅ በሸክላ ያስቀሩት 4 ዘፈን ብቻ ሲሆን ለሌሎች ያቀናበሩት ግን ከ60 ይበልጣል። ድምፅ አጥተው አይደለም። አቅራቢው ይህን ሳያውቅ ነው እንግዲህ ስለዘመኑ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያስተምረን ያመሸው።

«አጃቢ» የምትለዋ ቃል ደግሞ አለች። ባለፈው ጥር የአክስቴ ልጅ ሰርግ ላይ ነበርኩ። ሳክስፎኑ «ጧ ጧ» ከማለቱ እናቶች ወንበራቸውን ገፍተው ተነሱ፣ እልልታው አዳራሹን ሞላው። ዘፋኙ ገና ማይክራፎኑን እያስተካከለ ነበር! እነዚያን እናቶች ከወንበራቸው ያስነሳቸው ማን ነው? ድምፅ ነው እንዳይለኝ ድምፁ ገና አልወጣም። ከሃምሳ ዓመት በፊት አንድ ሰው ፒያኖ ላይ ተቀምጦ ሳክስፎኑ የቱ ጋ እንደሚገባ፣ ኦርጋኑ መቼ እንደሚከተል፣ ጊታሩ የት ዝም እንደሚል ወስኖ ነበር። አስመራ ከነበረው የአሜሪካ ጦር ሰፈር፣ ከቃኘው ጣቢያ ሬዲዮ የሚንቆረቆረውን የአሜሪካኖቹን ሪትም ኤንድ ብሉዝ ከትዝታና ከባቲ ጋር አጋብቶ ሁለቱ ሳይኮራረፉ አንድ ቤት እንዲያድሩ ያደረገው ይኸው ሰው ነው። እስቲ ሞክሩት፤ ከምትወዱት የዚያ ዘመን ዘፈን ሁለተኛውን ቤት ግጥም በቃላችሁ በሉ። ተደናቀፋችሁ አይደል? አሁን መግቢያውን አንጎራጉሩ። አንዲት ድምፅ ሳትስቱ ትወጡታላችሁ፤ እወራረዳለሁ። ሕዝብ በልቡ ይዞት የቀረው የአቀናባሪውን ሥራ ነው፤ የሚያጨበጭበው ግን ለሌላ ሰው። (ዛሬ አንድ ኪቦርድ አራት የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋች ተክቶ በአንድ ጣት ሲያስመስል መስማት ሌላ ቅጣት ነው፤ እሱን ለሌላ ቀን።)

ድምፅ ጸጋ ነው፤ አልክድም። የጥላሁንን ጉሮሮ አቀናባሪ አልሠራውም። ዘፋኞቹ ራሳቸው ግን እንደ አቅራቢው አያስቡም ነበር። ነፍሱን ይማረውና ዓለማየሁ እሸቴ ከጋሽ ግርማ ጋር ያቋቋመው ባንድ ስሙ ማን ነበር? ዓለም-ግርማ! «የኢትዮጵያው ጀምስ ብራውን» እየተባለ የሚሞካሸው ዘፋኝ ስሙን ከአቀናባሪው ጋር እኩል ሰቀለ። «ዓለማየሁ እና አጃቢዎቹ» ማለት ያቃተው አይመስለኝም።

አምሃ እሸቴማ ጭራሽ ስሙም ሳይነሳ ዝግጅቱ አለቀ። ሸክላ የማሳተም መብት በንጉሡ ትእዛዝ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በተሰጠበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ትእዛዙን ጥሶ በራሱ ገንዘብ ማሳተም የጀመረውን ሰው ነው የምላችሁ። እሱ ባይደፍር ኖሮ አቅራቢያችን በዓሉን በምን ዘፈን ሊያሳልፈው ነበር? እሱም አልዘፈነም፤ ስለዚህ አይቆጠርም ማለት ነው።

ይህ ንቀት ዛሬ የተጀመረ አይደለም፤ ያናደደኝም እሱ ነው። ጋሽ ግርማ እ.ኤ.አ. በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዱ፣ እዚያው ቀሩ። ያ ሁሉ ዜማ በእጃቸው ያለፈ ሰው ዋሽንግተን ውስጥ በነዳጅ ማደያ ሠራተኝነት ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 አዲስ አልበም ሲያወጡ እንኳ አብሯቸው የተጫወተው አካሌ ውቤ የተባለ የፈረንሳዮች ባንድ ነው። የእኛዎቹ ጣቢያዎች የት ነበሩ? ዘፋኝ እያወደሱ።

አንድ ነገር ግን ከአእምሮዬ አልጠፋ ብሏል። ዋሽንግተን ውስጥ ሐበሻ ታክሲ ነጂ ሞልቷል። ከነሱ አንዱ በዚያ ማደያ ቆሞ፣ የዓለማየሁን ካሴት ከፍ አድርጎ ከፍቶ፣ የሳክስፎኑን መግቢያ በጣቱ መሪው ላይ እየመታ፣ ሂሳቡን በመስኮት ለጋሽ ግርማ አቀብሎ መልሱን ሳይቆጥር ሄዶ ይሆን?